ኮት ያስተማረው ክፍለ ጊዜ

ግብረገብ እንደማስተማር ከባድ ሥራ የለም። የፊዚክስ መምህር የመሬትን ስበት ለማስረዳት ከጣራ ላይ ወድቆ እንዲያሳይ ማንም አይጠይቀውም። የግብረገብ መምህር ግን ሻይ ሲጠጣ እንኳ ምሳሌ ነው። ሻዩን ያለ ሰዓቱ ከጠጣ ምን እንደሚከተል እኔ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ከወረዳ መመሪያ መጣ፤ ሥነ ምግባር ከእንግዲህ በዲጂታል ተረክ ይሰጥ የሚል። ግማሽ ቀን ሠለጠንን። ነገሩ ሲገለጥ፣ ተማሪው በስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ድምፁን ይቀዳበታል፣ የሁለት ደቂቃ ታሪክ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ለማለት ግማሽ ቀን ለምን እንዳስፈለገ አሠልጣኙም የሚያውቁ አይመስለኝም። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሥራ ተመርጦ ለውድድር ይላካል ተባለ። እኔም ዘነበወርቅ አካባቢ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለሰባተኛ «ለ» ክፍል «ቃል ማክበር» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። ምን ነክቶኝ ነው «የግል ንጽሕና» ያላልኩት? ለዚሁ ሥራ ሲባል ስልክ ይዘው እንዲገቡ የፈቀድኩትም እኔው ነኝ።

ቤዛ የምትባል ተማሪ አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን የሰማሁት ስም ስጠራ «አቤት» ስትል ብቻ ነው። በእናቷ ስልክ የሠራችውን በፕሮጀክተር ከፈትን። መጀመሪያ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት፤ ባዶ ወንበር፣ መደገፊያው ላይ ኮት። ቀጥሎ የአንድ ቢሮ መስኮት፤ ባዶ ወንበር፣ ኮት። የቤዛ ድምፅ ረጋ ብሎ «መጣሁ ብለው ወጡ። ኮታቸው አለ» ይላል። መቼም በእኛ አገር «መጣሁ» የሚለው የሚሄድ ሰው ነው፤ ኮቱን ወንበር ላይ ከተወ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ።

ሦስተኛው ኮት መጣ። ቡናማ ነው፣ ክርኑ በጠመኔ ነጥቷል። «ቲቸር መጣሁ ብለው ወጡ። ጽሑፌን የማነብበት ተራዬ ነበር። ተደወለ።» አለቀ።

አሁን የሳቀ የለም። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ያን ቀን የሄድኩት ለአንድ ሻይ ነበር፤ ሻዩ ሁለት ሆነ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አይተው፣ ሥራው ከሁሉም ይበልጣል፣ ግን የእርስዎ ኮት ያለበት መጨረሻው ተቆርጦ ይላክ አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ሐሳቡ ከአለቃ መጣልኝ። ቤዛን ጠርቼ፣ ልጄ፣ መጨረሻዋን ቆረጥ ብናደርጋትስ አልኳት። እሺ ቲቸር፣ ግን ያቺ ከወጣች ስለ እኔ የሚያወራ ምንም አይቀርም አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ከተናገረችው ረጅሙ ይህ ነበር። እንዳለ ላክሁት።

አንደኛ ወጣ። በሽልማቱ ቀን የወረዳው ተወካይ ለቤዛ የምስክር ወረቀቷን ሰጡና ወደ እኔ ዞሩ። ተማሪ እንዲማር ሲሉ ጥፋተኛ መስለው የተወኑ፣ ለኮታቸው እንኳ ያልሳሱ መምህር እያሉ አሞገሱኝ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ማይክ ሰጡኝ። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ ታዲያ ይህን ማን ያፈርሳል? «አመሰግናለሁ» ልል ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ከፊተኛው ረድፍ ቤዛ የእናቷን ስልክ አነሳችና መቅረጽ ጀመረች።