በእመት በሩ በኩል ውሸት አያልፍም

የሕፃናት መዋያ ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ አሉት። የተቀጠሩት ልጅ ሊቀበሉ ነው፤ ሲያባርሩ የሚውሉት ግን እናት ነው። ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ውስጥ ትነግሣለች፤ ደጃፉን የሚገዙት እሳቸው ናቸው።

ድንቡሼ የሚባለው ልጅ በገባበት መዋያ እኚህ ሴት "እመት በሩ" ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ወላጆች ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ግን ሁሉም "እትዬ" ነው የሚላቸው። ግርማዊነታቸው ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቀው፣ ለሕፃን በተሠራች ወንበር ላይ እንደ ዙፋን ይሰየማሉ። ሰላምታቸውም "በሉ፣ ጀርባችሁን ልየው!" ነው። መኪናው ጀርባ ተደብቆ ልጁን የሚሰልለውን አባት "ጋሼ፣ ጎማው አልተነፈሰም፣ ይሂዱ!" ይሉታል። በአጥሩ ቀዳዳ ስታጮልቅ የተያዘች አያት በማግስቱ ቀዳዳው በጨርቅ ተጠቅጥቆ ጠበቃት። አንድ አጎት ደግሞ በብስኩት ሊደልላቸው ሞከረ። ብስኩቱን ተቀበሉ፤ አጎትየውን አስወጡ።

ሌላውን ሁሉ ይታገሡ ይሆናል፤ ለልጅ የሚነገር ውሸት ግን አይታገሡም።

የድንቡሼ እናት ስፌት ቤት በሙከራ የተቀጠረች ልብስ ሰፊ ናት። አሰሪዋ "አንድ ቀን ሥራ ጥለሽብኝ ብትሄጂ፣ የስፌት መኪናውን ለሌላ እሰጠዋለሁ" ብላታለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ልጇ ቀሚሷን ጨምድዶ ሲይዝባት፣ እናት ሁሉ የምትለውን አለችው፤ "አሁን መጣሁ፣ እሺ የኔ ጌታ?" ብላውም ተፈተለከች።

አመሻሽ ላይ እመት በሩ ጠበቋት።

"ነይ እስቲ አንቺ ልጅ። 'አሁን መጣሁ' ብለሽው ነበር?"

"ምን ልበለው እትዬ፣ ሲያለቅስብኝ…"

"አምኖሻላ! ቦርሳዬን አላወልቅም፣ ምሳም አልበላም ብሎ እዚሁ በር ላይ ተገትሮ ዋለ። ያለቀሰ ልጅ ይወጣለታል፤ ጠብቆ የቀረበት ልጅ ግን ነገ ምን ብትይው አያምንሽም።"

እውነትም ከዚያ ወዲያ ድንቡሼ ቤታቸው ውስጥ እንኳ የሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ጀመር። ልብስ ልታሰጣ ደጅ ስትወጣ ጫማውን ይዞ ይከተላታል።

"ሰዓት አያውቅም፤ እንቅልፍ ግን ያውቃል" አሉ እመት በሩ፣ ይህን ስትነግራቸው። "ከምሳ በኋላ ተኝተህ ስትነሳ አጠገብህ አለሁ በይው። ከዚያ ተገኚ። ይህችን ደግሞ ካፈረስሽ በዚህ በር ዳግመኛ በሰላም አይገባም።"

እናትየው በምሳ ሰዓቷ እየሰፋች ቀደም ብላ ልትወጣ ከአሰሪዋ ጋር ተስማማች። ጠዋት ለልጇ ነገረችው። ድንቡሼ አለቀሰ፤ ግን ቦርሳውን አወለቀ።

ከሰዓት በኋላ ልትነሳ ስትል አንዲት ደንበኛ "ቀሚሱ ጠበበኝ!" ብላ እየጮኸች ገባች። አሰሪዋ አፈጠጠችባት። "ይሄን ሳትጨርሺ ወዴት?"

እናትየው ስፌቱን መተርተር ጀመረች። በሐሳቧ ድንቡሼ ተነስቷል፣ ቦርሳውን አዝሏል፣ በሩ ላይ ቆሟል። መርፌው ጣቷን ሲወጋትም አልተሰማት። የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰችና ወጣች። ታክሲ እስኪመጣ አላስቻላትም፤ ሮጠች።

ስትደርስ ግቢው በጫጫታ ተናግቷል። ልጆቹ ሁሉ ተነስተዋል። የእመት በሩ ወንበር ባዶ ነው። ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጠች።

ክፍሉ ግን ጨለማ ነበር። መጋረጃው ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ ብርሃን እንዳያስገባ ጠርዙ በልብስ መቆንጠጫ ተይዟል። እመት በሩ ከፍራሹ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የድንቡሼን ጀርባ ቸብ ቸብ ያደርጋሉ። ልጁ በተገላበጠ ቁጥር ጆሮው ላይ "እሽሽ… ገና ነው፣ ማንም አልተነሳም" ይሉታል። ውጭ ሃያ ልጅ እየጮኸ!

"እትዬ… አረፈድኩ" አለች እናትየው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

"ማን ነው አረፈድሽ ያለው?" አሉ በሹክሹክታ። "ልጁ መቼ ነቃ! እግሬ ግን ደንዝዞ አልቋል፤ ቶሎ ቁጭ በይልኝ።"

አንገታቸውን አቅፋ ልትስማቸው ቃጣት። በክርናቸው ገፋ አድርገው ቦታቸውን ለቀቁላትና እጃቸውን ከልጁ ጀርባ አነሱ።

ድንቡሼ አንድ ዓይኑን ገለጠ። እናቱን አያት፤ ለመገረም እንኳ አልተገረመም።

"ነቃሁ" አላት።