የመንግሥት ካርታ አራሚው

ማዕድን ያለበት ከተማ ሁሉ ከመንግሥት ካርታ የበለጠ የሚያውቅ አንድ ሰው አለው። የእኛ፣ የኮሎራዶዎቹ፣ ክቡር ፓስኮ ትሬጊር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ብር ማዕድን የቆፈሩ፣ አሁን አሥራ አንድ ላም የሚያረቡ፣ ጉልበታቸው እንጂ ምላሳቸው ያልደከመ።

የአካባቢያችን ካርታ በ1909 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሲመጣ በምሠራበት ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በማግስቱ ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ።

«ይሄን የሳለው ሰውዬ ተራራ አይቶ ያውቃል?»

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ኖራቸውም አልኖራቸውም ይመጣሉ። ጅረቱ ያለቦታው ነው። የጎረቤታቸው የኦልሰን በረት ወንዝ ውስጥ ገብቷል። የተራራውን ከፍታ የሚያሳዩትን መስመሮች ቆጥረው፣ «እዚህ ጋ ላሜ በክንፍ ነው የምትወጣው?» ይሉኛል። መደምደሚያቸው አንድ ነው፤ «እኔን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

አንድ ቀን ኦልሰንን ራሱን ይዘው በረቱ የት እንዳለ አንድ ሰዓት አስረዱት።

«ፓስኮ፣ እኔ እኮ እዚያው ነው የማድረው!»

«ማደርና ማወቅ ለየቅል ነው» አሉት።

አንድ ቦታ ብቻ አያርሙም፤ ከከተማው በላይ ያለውን ሸለቆ። የተዘጉ የማዕድን ጉድጓዶች እንኳ ካርታው ላይ ትንሽ ምልክት አላቸው። እዚያ ግን ባዶ ነው። ካርታው ከመታተሙ አሥር ዓመት በፊት በዚያ የነበረው ጉድጓድ ተደርምሶ ልጃቸው ጆሪ የቀረው እዚያ ነው። አስከሬኑ አልወጣም።

ባለፈው ኅዳር አፌ አላስችል አለኝ።

«አቶ ትሬጊር፣ ካርታ ሠሪዎቹ የጆሪን ጉድጓድ እኮ ረስተውታል። ለምን አይጽፉላቸውም? እርስዎን አልጠየቁም እንዴ?»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጠይቀውኛል። ቀያሾቹ በቅሏቸውን ጭነው ደጄ መጡ። የማዕድን ኩባንያው ሰዎች መሰሉኝ። ጉድጓዱን እንደገና ሊከፍቱ፣ ልጄን ከድንጋይ ጋር ዝቀው ሊጥሉት። ‹እላይ ምንም የለም፣ በቅሎዋን አታድክሟት› አልኳቸው። አመስግነውኝ ተመለሱ።»

ወደ ካርታው ዞሩ።

«እናቱ አልፋለች። እኔም ሳልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም። ምን ብዬ ልጻፍ? ዋሽቻችሁ ነበር ልበል?»

የመንግሥት ካርታ ላይ መጻፍ ከሥራ ያስባርራል። ብዕሬን ቀለም ነክሬ ሸለቆው አናት ላይ የጉድጓድ ምልክት አደረግኩ፤ ከጎኑ የልጁን ስም ጻፍኩ።

ክቡር ትሬጊር ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

«ስማ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ሳበው» አሉ።

ሦስት ጊዜ አሰረዙኝ። በአራተኛው ዝም አሉ።