ደህናውን ሬዲዮ የፈታው ሐኪም

ዕቃ ሲበላሽ የሚከፋው ሰው በየቤቱ ሞልቷል። ዕቃ ሲበላሽ ደስ የሚለው ግን በአንድ ቤተሰብ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ቢሆኑ ኖሮ ቤቱ በርም አይኖረውም ነበር። የእኛ ቤት ድርሻ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆን የሰፈሩ ሰው "ሐኪሙ" ይለዋል። ስለ ሰው በሽታ "ተኛ፣ ይለቅሃል" ከማለት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። የጎረቤት ማቀዝቀዣ አቃሰተ ከተባለ ግን የጫማውን ክር ሳያስር ይደርሳል።

እንዲህ ያለውን ሰው እናንተም ታውቁታላችሁ። ሊጠይቃችሁ መጥቶ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ይነቀንቀዋል። ከዚያ "ይቺ ትንሽ ነገር ናት" ይላል። ይህን ቃል ከሰማችሁ ሌላ ማደሪያ ፈልጉ። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ በሯ ሲከፈት ሲጢጥ ይላል ብላ ነግራው ነበር። ክቡር ሐኪሙ "ትንሽ ነገር ናት" ብለው ጀመሩ፤ ማታ ላይ እሷና ባሏ በመስኮት ገቡ።

ከታማሚዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው የአማተር ሬዲዮውን ነው። ይህ ዜና የሚሰማበት ሬዲዮ አይደለም፤ ሩቅ አገር ካለ ሰው ጋር የሚነጋገርበት፣ የሚቀበልም የሚልክም ከባድ የብረት ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ አንድ ትልቅ ማዞሪያና ሲልክ የምትነሣ መርፌ ያለባት ትንሽ መስኮት አለችው። ወንድሜና ሬዲዮው አብረው አርጅተው በሽታቸውም ተመሳስሏል። ሬዲዮው ጠዋት እስኪሞቅ ድረስ ከያዘው ጣቢያ ይንሸራተታል፤ ሲያወራ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ ዳክዬ ይሆናል። ያን ጊዜ ወንድሜ "ገና አልሞቀም" ብሎ የእኔን የሱፍ ሻርፕ ያለብሰዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሬዲዮው ጆሮ ይደፈናል። ውስጡ ያለችው ሬሌ የምትባል መቀያየሪያ ስለምትዝግ ነው አሉ፤ ለመናገር የሚጫኑትን፣ ለመስማት የሚለቁትን የማይክሮፎኑን ቁልፍ ደጋግሞ ሲጫንለት ይነቃል።

የወንድሜ የምርመራ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ አፍንጫ፣ ከዚያ ጆሮ፣ እጅ በመጨረሻ። ችግሩ ከብየዳ ጭስ ብዛት አፍንጫው ማሽተት ትቷል። ስለዚህ አፍንጫው እኔ ነኝ። "እህት ዓለም፣ ነይ እስቲ አሽቺልኝ" ሲለኝ ሥራዬን ጥዬ ሄጄ ሣጥኑ ላይ እደፋለሁ። ትምህርቴ እምብዛም አይደለም፤ የተቃጠለ አቧራንና የተቃጠለ ሽቦን ሽታ ግን ለይቼ አውቃለሁ። ካፓሲተር የሚባሉ ጣሳ መሳይ ትንንሽ ነገሮችም አሉ፤ ሲያረጁ አናታቸው ያብጣል። እነሱን ሲቀይር አንዱን ገልብጦ ገጠመውና እንደ ርችት ፈነዳ። ክቡርነታቸው ቅንድባቸውን እየዳሰሱ "በሉ፣ የትኛው እንደሆነ ታወቀ" አሉ።

በዚህ ሣጥን በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ጋር ይነጋገራል። ሰውየው የሚኖረው በጣም ሩቅ ነው፤ ተያይተው አያውቁም። ምን ያወራሉ ብትሉ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ አንቴናቸውና አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚሰማው። "እንዴት ነኝ?" "ደህና ነህ። እኔስ?" በዚህ ብዙ ዓመት ኖሩ። አንድ ጊዜ በስልክ ተደዋውለው ነበር። ሁለቱም ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ "እሺ፣ ደህና ነው" ተባባሉና ዘጉት። በማግሥቱ ወንድሜ እንደ ዋዛ "ስልክ እኮ ሁልጊዜ ይሠራል። ምን ይወራበታል?" አለኝ።

ታዲያ አንድ እሑድ ሰዓት ሠሪው፣ ልጄ ልትወስደኝ ነው አለ። የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ጣሪያው ላይ የአንቴና ሽቦ መዘርጋት አይፈቀድም። የሚቀጥለው እሑድ የመጨረሻቸው ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወንድሜ ክፍል ብገባ የሬዲዮው ክዳን ተነሥቶ ብሎኖቹ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ተደርድረዋል።

"ጋሼ፣ እየሠራልህ አይደል እንዴ? ተወው።"

"የድምፁ ማዞሪያ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ወዳጄን በሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ ላሰናብተው?"

ደህናውን ሬዲዮ ለክብር ሲል ፈታው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥፋት የሚያጠፋው ይኸ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፣ የዛገውን አጸዳ፣ ማዞሪያውን አለሰለሰ። ማታ ስንሞክረው ድምፁ እንደ ውሃ የጠራ ነበር። መቀበሉን ነው የሞከርነው፤ መላኩን መሞከር ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

እሑድ ሰዓቱ ደረሰ። "መምህር፣ አለህ ወይ? እየጠራሁህ ነው" የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ወንድሜ ቁልፉን ተጭኖ መለሰ። መርፌዋ አልተነቃነቀችም። የማይክሮፎኑን ገመድ አየ፣ አንቴናውን አየ፣ ፊውዙን አየ። ሰዓት ሠሪው አሁንም ይጠራል። "የልጄ መኪና ደጅ ቆማለች፤ ትንሽ ልጥራህና ካልሰማሁህ አንቴናውን ላወርደው ነው" አለ።

ወንድሜ ክዳኑን አንሥቶ በአንድ እጁ ቁልፉን ተጭኖ፣ በሌላው በእርሳስ ጀርባ፣ እንጨት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ እያንዳንዱን ነገር ቀስ እያለ መታ መታ አደረገ። አንዲት ቦታ ላይ ሲደርስ መርፌዋ ዘለለች። እርሳሱን ሲያነሣ ወደቀች። ትናንት በብሩሽ ሲፈትግ የጥንቱን ብየዳ ሰንጥቆታል፤ ስንጥቁ ከፀጉር ይቀጥናል። መበየድ ቀላል ነው፤ ግን ሬዲዮውን አጥፍቶ መበየጃው እስኪሞቅ ሰውየው ይሄዳል።

"እህት ዓለም፣ እዚች ላይ ተጫኚልኝ። እንዳትተነፍሺ።"

ብተነፍስ ምን እንደሚሆን አልጠየቅኩም። እርሳሱን ያዝኩ። ወንድሜ ተናገረ፤ ሰዓት ሠሪውም "እፎይ፣ መጣህ" አለ።

ከዚያ ምን ቢያወሩ ጥሩ ነው? ስለ ርጥበት። ርጥበት አንቴና ላይ ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ ተጨዋወቱ፤ የእኔ ክንድ ደነዘዘ። በመጨረሻ ሰዓት ሠሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እንግዲህ መምህር፣ ላጠፋው ነው" አለ። ወንድሜ ቁልፉን ተጫነ። ምንም አልተሰማም። ሲለቀው የሰዓት ሠሪው ድምፅ መጣ፤ "መምህር? ተቋረጥክብኝ እንዴ?"

እኔ ያጠፋሁ መስሎኝ እርሳሱን አጥብቄ ተጫንኩ። ወንድሜ እንደገና ቁልፉን ተጫነ፤ መርፌዋም ቀጥ ብላ ቆመች። ቀና ብዬ አየሁት። ከንፈሩ ይነቃነቃል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ብልሽቱ ሣጥኑ ውስጥ አልነበረም።

እኔ በሰው ፊት መናገር የምፈራ ሴት ነኝ፤ ሱቅ ውስጥ እንኳ ባለሱቁ ዞሮ እስኪያየኝ ነው የምጠብቀው። አንገቴን ወደ ማይክሮፎኑ ሰገግ አድርጌ፣ "አልተቋረጠም። እዚሁ አጠገቤ ነው፤ ይሰማዎታል። ድምፁ እምቢ ብሎት ነው" አልኩ። ወንድሜ ዓይኑ እንባ ሞልቶትም ስጨርስ ጣቱን ከቁልፉ ማንሣቱን አልረሳም።

ከዚያ ሰዓት ሠሪው "እህቴ፣ የእኔም እኮ እምቢ ብሎኝ ነው ስለ ርጥበቱ የማወራው" አለ።

ያን ጊዜ ወንድሜ ሳቀ፤ በሳቁም ድምፁ ተከፈተ። "ደህና ሁን ወዳጄ። ሁልጊዜ ጥርት ብለህ ነው የምትሰማኝ" አለው። ይህ ውሸት ነው። ሰውየው ሁልጊዜ ዝናብ እየወረደበት የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ሰኞ ስንጥቁን በአንዲት የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታ በየደው። ከዚያ በኋላ ግን ሬዲዮውን አልከፈተም። የጎረቤት ልጅ ቧንቧችን ያንጠባጥባል ብላ ብትመጣ "ቧንቧ ሠሪ ጥሩ" አላት። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ።

ሐሙስ ዕለት የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

"ጋሼ፣ አንድ ድምፅ ታሰማለች።"

"ምን ዓይነት ድምፅ?"

"እንጃ። ውስጧ የሆነ ነገር የሚንገጫገጭ ዓይነት።"

ምንም አታሰማም። በዚያው ጠዋት አንድ መጋረጃ ከዳር እስከ ዳር ሰፍቼባታለሁ። ወንድሜ ጆሮውን አስጠግቶ መዘውሯን ቀስ ብሎ አዞረ፤ ደጋግሞ አዞረ። ግንባሩ ተፈታ።

"ሰማኋት" አለኝ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ተበትናለች፤ እሱም እያፏጨ ነው። እኔ ሁለተኛውን መጋረጃ በእጄ እየሰፋሁ ነው።