በሁለት ሰርቨሮች ጠብ ሽማግሌ የሆኑት አቶ ክንፈሚካኤል

መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሊጎድለው ይችላል፣ ዘበኛም ሊጎድለው ይችላል፤ ችግሩ ሳይነገረው የሚገባው ሰው ግን ጎድሎት አያውቅም። ይህ ሰው ሐኪሙ በሽተኛውን ሳያይ በሽታውን ያውቃል። መካኒኩ ኮፈኑን ሳይከፍት ብልሽቱን ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም፤ የሚሳሳተው ማሽኑ ነው።

ፍኖተ ሰላም ባለው የልምላሜ ገበሬዎች ዩኒየን ይህን ከባድ ኃላፊነት ለዘመናት የተሸከሙት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው አቶ ክንፈሚካኤል ናቸው። ሜላት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና በተቀጠረች ዕለት፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡና የሥራዋን ሚስጥር በአንድ ትንፋሽ አስረከቧት። «ልጄ፣ ብዙ አትድከሚ። እዚህ ቤት የሚበላሸው ሁሉ ኔትወርክ ነው።»

ቀልድ መስሏት ነበር። ፕሪንተሩ ወረቀት ጨርሶ ሲቆም ኔትወርክ ነው አሉ። የግድግዳው ሰዓት ባትሪ ሲያልቅበትም እንዲሁ። አንድ ቀን ለሥራ ወደ ቡሬ ሲሄዱ የዩኒየኑ ፒክአፕ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። አቶ ክንፈሚካኤል ወረዱ፤ ጎማውን በጫማቸው ጠቅ ጠቅ አደረጉ፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉ፣ ከዚያም «ከፊት ነው» ብለው ፈረዱ። ሾፌሩ በጋሪ ተሳፍሮ ሄዶ ነዳጅ በጄሪካን ይዞ ሲመለስ ቅንጣት አላፈሩም። ነዳጁ የሚቃጠለው ከፊት አይደለም ወይ ብለው ሾፌሩን ጠየቁት።

ሜላት ታዲያ በልቧ «ሊቀ ኔትወርክ» የሚል ማዕረግ ሰጠቻቸው። ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነበር የምትላቸው፤ ሙከራ ላይ ያለች ሠራተኛ በማዕረግ አትቀልድም።

ነገሩ የመጣው በግንቦት መጨረሻ ነው። ዝናቡ ጣል ጣል ካለ በኋላ ገበሬው የበቆሎ ምርጥ ዘር ሊወስድ ከየቀበሌው ይጎርፍ ጀመር። ዘሩ መጋዘን ሞልቷል። ነገር ግን የመጋዘን ኃላፊው ስመኘው ከኮምፒውተሩ የወጣ ማዘዣ ሳያይ አንዲት ከረጢት እንኳ አያስነሳም። ሰኞ ጠዋት ሜላት ቢሮ ስትደርስ ግቢው በገበሬና በአህያ ተሞልቶ፣ ስመኘው በር ላይ ቆሞ፣ ሀገር ሁሉ የሚያውቃትን ያቺን ቃል ይደጋግማል፤ «ሲስተም የለም።»

ሲስተሙ ሁለት ክፍል ነው። ከፊት አፓቺ የሚባለው አለ፤ ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያቀብል ነው። ከኋላ ደግሞ ቶምካት አለ፤ የገበሬውን ስም ፈልጎ ማዘዣውን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ሜላት የፊተኛውን አየችው፤ ሠላማዊ ነው። የኋለኛውን በቀጥታ ከፈተችው፤ እሱም ደህና ነው፣ የገበሬው ስም ሁሉ አለ። በፊተኛው በኩል ሲጠየቅ ግን «አገልግሎቱ ለጊዜው የለም» ከሚል ነጭ ገጽ በቀር የሚመጣ ነገር የለም።

በዚህ መሀል ኢንተርኔቱ ድርግም አለ። ዞር ብትል አቶ ክንፈሚካኤል የራውተሩን ገመድ ነቅለው በእጃቸው ይዘዋል። ትንሽ ይረፍ ብለው ነው። ለምና መልሰው እንዲሰኩት አደረገች። እሳቸው ግን በዚያው መሰላል አስመጡና አንቴናውን ወደ ደብረ ማርቆስ ሊያዞሩ ጣራ ላይ ወጡ።

ከግቢው መሀል እናኑ የምትባል ከቡሬ ገጠር የመጣች ባሏ የሞተባት ገበሬ ነበረች። ያላት አንድ በሬ ነው፤ ሌላውን ከጎረቤት አቀናጅታ ነው የምታርሰው፤ ተራዋ ደግሞ ነገ ነው። ነገ ካልዘራች ጎረቤቱ በሬውን ወደ ራሱ ማሳ ይወስዳል፤ የሚቀጥለው ተራ እስኪደርስ የዘር ወቅቱ አይጠብቃትም። ይህን ሁሉ ለስመኘው አስረዳችው። ስመኘው አዘነላት፤ ማዘዣ ግን ከሐዘን አይወጣም።

የሕዝቡ ድምፅ እየጎላ ሲመጣ አቶ ክንፈሚካኤል ከጣራ ወርደው ወደ ሜላት ገቡ። ምን ልበላቸው አሏት። ሜላት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ የፊተኛውም የኋለኛውም ደህና መሆናቸውን፣ መሀል ላይ ግን እንደማይነጋገሩ ነገረቻቸው።

አቶ ክንፈሚካኤል ወጥተው መሰላሉ ሁለተኛ እርከን ላይ ቆሙ። «ወገኖቼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ናቸው፤ ተኳርፈዋል። ሽማግሌ ገብቷል።»

ጎጃም ላይ ይህን ብሎ ሕዝብ ማስቆጣት አይቻልም። ጩኸቱ ረገበ። አንድ ሽማግሌ በዳዩ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሌላው የወሰን ጉዳይ መሆን አለበት አሉ። አቶ ክንፈሚካኤልም ለፊተኛው ቁጡነት፣ ለኋለኛው ኩራት እየሰጡ ጠቡን ከሥሩ አብራሩ። እናኑ ነጠላዋን አጣፍታ ሰማችና፣ «እንግዲህ ካሣ ይቁረጡና ይታረቁ፤ እኛ ምን በደልን?» አለች።

ሜላት በመስኮቱ በኩል ሰምታ ልትስቅ ስትል ሲስተሙ ራሱ የሚጽፈው የመዝገብ መልእክት ዓይኗ ውስጥ ገባ። ኋለኛው ለፊተኛው የሚከፍተው መገናኛ በር ጭራሽ አልተከፈተም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቶምካትን በአዲሱ የቀየረችው ራሷ ናት። በቀጥታ ከፍታ ስታየው ስለሠራ ተደስታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ በፊተኛው በኩል አልሞከረችውም። አዲሱ ደግሞ ያንን በር ዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ክፈት ካላሉት አይከፍትም።

አቶ ክንፈሚካኤል ውኃ ሊጠጡ ሲገቡ ፊቷን አይተው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ኔትወርክ አይደለም» አለቻቸው። «እኔ ነኝ። ትናንት ቀይሬው ነው።»

መልስ ሳይሰጧት የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ወንዳወቅ ገቡ። ከበላይ ተደውሎላቸው ፊታቸው ጠቁሯል። ይህን ማሽን የነካው ሰው ዛሬውኑ እንዲታወቅ፣ ሙከራ ላይ ያለ ከሆነም ነገ እንዳይመጣ ተናገሩ። ሜላት ከወንበሯ ተነሳች። አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ድምፅ ቀደማት።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ክንፈሚካኤል። «ገመድ ነቅያለሁ። ሳላውቅ ነው።»

አቶ ወንዳወቅ ለመቆጣት የከፈቱትን አፍ መዝጋት አቃታቸው። ከእኚህ ሰው «ሳላውቅ ነው» የሚል ቃል ሲወጣ የሰማ ሠራተኛ በዚያ ቤት አልነበረም። ሜላት አይደለም ልትል ሞከረች፤ አቶ ክንፈሚካኤል ሳያዩዋት፣ ሕዝብ ቆሟል፣ ሥራሽን ሥሪ አሏት። አቶ ወንዳወቅ በመጨረሻ ፈረዱ፤ ክንፈሚካኤል ከዛሬ ጀምሮ በኤሌክትሪክ ወደሚሠራ ነገር እንዳይጠጉ።

ሜላት ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሳ የተዘጋውን መገናኛ በር ከፈተች። ኋለኛው አሁንም እንቢ አለ፤ አዲሱ ሕግ ሁለቱ የሚተዋወቁበት አንድ ሚስጥራዊ ቃል ይፈልጋል። ቃሉን ለኋለኛው ሰጠች፣ ያንኑ ሳታዛንፍ ለፊተኛው ሰጠች፣ ሁለቱንም አጥፍታ አስነሳች። ነጩ ገጽ ጠፍቶ የገበሬዎቹ ስም መጣ። እናኑ ጥላው ሳይዞር ከረጢቷን አህያዋ ላይ ጭና ከግቢው ወጣች፤ ስትወጣም ለታራቂዎቹ ዕድሜ ተመኘች።

አመሻሽ ላይ ሜላት አቶ ወንዳወቅ ዘንድ ገብታ እውነቱን ተናገረች። እሳቸውም፣ ሁለተኛ ሳትሞክሪ ወደ ቤትሽ እንዳትሄጂ ብለው በተግሣጽ ብቻ አለፏት። በአቶ ክንፈሚካኤል ላይ የጣሉትን ቅጣት ግን አላነሱም፤ ለቤቱ ሰላም ሲባል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሳምንት ለአቶ ክንፈሚካኤል እንደ ሑዳዴ ረዘመ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በኮሪደሩ ያልፋሉ፣ የተበላሸ ነገር ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ቢሮው ፀጥ ብሎ ሜላትን ጨነቃት። ዓርብ ዕለት የአንዱ ኮምፒውተር ስክሪን ጠቆረ። ሜላት ጎንበስ ብላ ከሶኬቱ የወጣውን ገመድ አየች፤ አልነካችውም። ወደ በሩ ሄዳ ኮሪደሩን በቀስታ ተመለከተች፤ አቶ ወንዳወቅ የሉም።

«ጋሼ» አለች፣ «እስቲ ይዩልኝ። ምን ይመስልዎታል?»

አቶ ክንፈሚካኤል ግራና ቀኝ አይተው ገቡ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ጨርቅ ፈለጉ፣ በደንብ ወለወሉት። ነገሩ ረጅም ገለጻ እንደሚጠይቅ አስቀድመው አስጠነቀቋት። ሜላት ወንበር ስባ አቀረበችላቸው።