ለልጁ ተቀባይ እስኪገኝ

ኳስ በእጅ በሚወረወርበት አገር፣ ራሱ አንድ ቀን እንኳ በወጉ ሳይወረውር ማን ለማን መወርወር እንዳለበት የሚያውቅ ሽማግሌ የሌለበት ከተማ አይገኝም። ከተማዋ ትንሽ ከሆነች ሽማግሌው አንድ ነው፤ ከሰፋች በየሠፈሩ አለ። አሠልጣኞች ይሾማሉ፣ ይሻራሉ። እሱን ግን የሾመው ስለሌለ የሚሽረው የለም። ከወንበሩ የሚያነሳው ሞት ብቻ ነው፤ ሞትም ቢሆን ጨዋታው እስኪያልቅ በር ላይ መቆሙ አይቀርም።

በሐይቁ ዳር ባለችው በፖርት ሌኖክስ ይህን ማዕረግ የያዙት ኦርቪል ስታችኒክ ናቸው። ጉልምስናቸውን የጨረሱት በወረቀት ፋብሪካው ውስጥ የበሬ ቁመት ያለው የወረቀት ጥቅል ሲያጠነጥኑ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ዘመን አልፎታል፤ መስኮቶቹን ሁሉ ነፋስ ጨርሷቸዋል። በተማሪነታቸው ተጫዋች ነበሩ ይባላል፤ ያዩዋቸው ሰዎች እንደሚሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጫወቱት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነው። ልጃቸው ዶሪን ፊት ለፊት «አባዬ» ትላቸዋለች። በልቧ ግን ስማቸው ሊቀ ተቀባዮች ኦርቪል ነው።

ሊቀ ተቀባዮች ሰውን ሁሉ የሚመዝኑት በአንድ ጥያቄ ነው፤ «መቼ ዞረ?» በዚያ ጨዋታ ወርዋሪው ከጠባቂዎቹ ጀርባ ቆሞ፣ ከፊቱ እየሸሸ ለሚሮጥ ጓደኛው ኳሱን ይልክለታል። ሯጩም፣ ተቀባይ የሚባለው፣ የሆነ ቦታ ላይ ፊቱን ወደ ኳሱ ማዞር አለበት። አንዱ ቀድሞ ይዞራል፣ ሌላው ዘግይቶ። ለኦርቪል የሰው ልጅ ምሥጢር በሙሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። «እግር ስጦታ ነው፣ መዞር ግን ጠባይ ነው» ይላሉ። ገበያ አዳራሽ ውስጥ ዕቃ በከረጢት የምትሞላውን ልጅ ቆመው ሲያዩ ይቆዩና፣ እንቁላሉ ሳይደርስ እጇን እንደምትዘረጋ ለዶሪን በሹክሹክታ ይነግሯታል፤ እሷን የመሰለ ተቀባይ ቡድናችን ለዓመታት አላገኘም ብለውም ይተክዛሉ። ሐኪም ደረታቸውን ሲያዳምጥ የጣቶቹን ርዝመት አይተው፣ ሰፊ እጅ ይዞ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በመቀመጡ አዝነውለታል።

ሚስታቸው ማርሊን ባረፉ ጊዜ እንኳ አልተዉም። ከቀብር መልስ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተቀምጦ በቀዝቃዛ ሥጋና በድንች ሰላጣ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ኦርቪል ቄሱን ጥግ አስይዘው ቡድኑ በዚያ ዓመት ስለመረጣቸው ተቀባዮች ያስረዷቸው ነበር። ቄሱም የዋህ ሰው ነበሩና፣ ስለ ሟቿ ነፍስ የጀመሩትን ጨዋታ በአንድ ሯጭ ጉልበት ጨረሱት። ዶሪን ወጥታ መኪናዋ ውስጥ አለቀሰች። ይህ ሰው አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ዝም ቢል ምን አለበት አለች።

ባለፈው የበረዶ ክረምት ኦርቪል በጓሮው ደረጃ ላይ በረዶ አዳለጣቸው። ጎረቤታቸው ሌስ ዱፕኬ እንደ ወትሮው ጨዋታ ሊያይ መጥቶ እስኪያገኛቸው ድረስ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ተንጋለው ቆዩ። ሐኪሙ ሁለተኛ ክረምት በዚያ ቤት ብቻቸውን ሊከርሙ እንደማይገባ ቁርጡን ተናገረ። ዶሪን የምትኖረው ግማሽ ቀን በሚያስነዳ መንገድ በስተደቡብ ነው፤ እዚያ በረዶ ከጣለ ወሬ ነው። መኝታ ክፍሉን አዘጋጅታ፣ ወለሉ ላይ የሚያደናቅፍ ነገር ሁሉ አንስታ ጠበቀቻቸው። ነሐሴ ላይ መጥታ በረዶው ሳይጀምር እንዲነሱ ለመነቻቸው።

«እሺ አልኩሽ እኮ» አሏት። «ልጁ ተቀባይ ያግኝና እሄዳለሁ። ሰው ልጅ መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል?»

ልጁ የተባለው በዚያ ዓመት ቡድኑ ያመጣው ጀማሪ ወርዋሪ ኬለን ረድ ነው። ቁመቱ በር የሚያክል፣ ኦርቪል የሚባል ሰው በምድር ላይ መኖሩን የማያውቅ ጎረምሳ ነበር።

ኦርቪል ልጁን በመጀመሪያው ጨዋታ ካዩት በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ። ክንዱ አጭር ነው፤ ሩቅ አያደርስም። የሱ ኳስ እንደ ሐሜት ነው፣ ቶሎ ይወጣል፣ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቅርብ የሆነ፣ ቀድሞ የሚዞር ሰው ነው። ከተማው ሁሉ ግን ብሪግስ በሚባል ረጅም፣ ነፋስ የመሰለ ሯጭ ፍቅር ወድቆ ነበር። ብሪግስ ለኦርቪል ዘግይቶ ከሚመጣ የሠርግ እንግዳ አይሻልም፤ አምሮበት ይመጣል፣ ምግቡ ግን አልቋል። እሳቸው የመረጡት ቶሊቨርን ነው። ቶሊቨር ጉልበቱን እንደ ጥቅል ዕቃ የሚያስር፣ ሲሮጥ ጆንያ የተሸከመ የሚመስል፣ ቡድኑ ሊያሰናብተው የደረሰ አሮጌ ተቀባይ ነበር።

መጠጥ ቤቱ ውስጥ ይህን ሲናገሩ ሳቅ ሆነ።

«ኦርቪል፣ ቶሊቨርን እኔ በዚህ በታመመ ዳሌዬ እቀድመዋለሁ እኮ» አለ ሌስ።

«ትቀድመዋለህ። ከዚያስ መቼ ትዞራለህ? ሚስትህ ስትጠራህ ያልዞርክ ሰውዬ፣ ኳስ ሲጠራህ ልትዞር ነው?»

ሰኞ ሰኞ ራዲዮ ጣቢያው ለአድማጭ ስልኩን ሲከፍት ቀድመው የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። አዘጋጁ ድምፃቸውን ገና ሲሰማ፣ ከፖርት ሌኖክስ ደግሞ ያው ጌታችን መጡ ይላል። ቶሊቨር የሚለው ስም ከአፋቸው እንደወጣ መስመሩ ይቋረጣል። ኦርቪል የቴክኒክ ችግር ነው ይላሉ። የዚያ ጣቢያ የቴክኒክ ችግር ከመስከረም እስከ ጥቅምት አልተፈታም።

ዶሪን በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች የእናቷን ሳህኖች በጋዜጣ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ትከታለች። ስትመለስ ግማሾቹ ወጥተው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል። «ለጨዋታ ቀን ያስፈልጉኛል» ይሏታል ኦርቪል፤ ለሌስና ለራሳቸው። ቡድኑ ይሸነፋል፣ ልጁ በባላጋራ ተጫዋቾች ይደበደባል፣ ተቀባይ አልተገኘም፣ ጉዞውም ቀረ። አንድ ቅዳሜ ሶፋው ጀርባ ታጥፎ የተደበቀ ብርድ ልብስና ትራስ አገኘች። አባቷ ወደ ፎቁ ደረጃ መውጣት ፈርተው እዚያው ሳሎን ማደር ከጀመሩ ቆይተዋል። እንዳላየች ሆና መልሳ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ማታ ደህና እደሪ ብለዋት ወደ ደረጃው ሲያመሩ፣ የመጀመሪያው እርከን ላይ ቆመው እሷ መኝታዋ እስክትገባ ሲጠብቁ ሰማቻቸው።

ከዚያ የብሪግስ ጅማት ተጎዳ። አሠልጣኙም ሌላ ሰው ስላጣ ቶሊቨርን አስገባ። ልጁ ቶሎና ዝቅ አድርጎ ወረወረ፤ ቶሊቨር ቀድሞ ዞሮ ተቀበለ። ቡድኑ አሸነፈ፤ በሳምንቱም ደገመው። በእነዚያ ቀናት ሊቀ ተቀባዮች በከተማዋ ጎዳና ሲሄዱ ጳጳስ የሚያልፍ ነበር የሚመስለው፤ በመጠጥ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጡ ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ብርጭቋቸው ይመልሱ ነበር። ዶሪን ደስ ብሏት መጣች።

«አባዬ፣ ይኸው ተገኘ። አሁን እንሂድ።»

«ገና መተዋወቃቸው ነው» አሉ። «በዚህ ሰዓት ተለይቶ ይኬዳል?»

ያን ጊዜ ገባት። ቢሳሳቱም አይሄዱም፣ ቢያገኙትም አይሄዱም። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው በረዶ ጓሮውን ሸፍኖት አየች። ደረጃው ላይ ጨው በተነች፣ ሌስ በየቀኑ እንዲያያቸው ለመነች፣ መንገዱን ሙሉ በአሳብ እየታመመች ተመለሰች።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ቡድኑ ሩቅ ከተማ ሄዶ ጣሪያ ባለው ሜዳ የሚጫወትበት እሁድ ነበር። ከሌስ ጋር ሦስቱም ሳሎን ተቀመጡ። ገና ጨዋታው ሳይሟሟቅ ቶሊቨር ኳስ ይዞ ወደቀ፤ ጉልበቱን ይዞ ሳይነሳ ቀረ። በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ ወጣ፤ ሲወጣ ወደኋላ ዞሮ አላየም። ብሪግስ ድኖ ነበርና ገባ።

ልጁ ኋላ ኋላ ሄደ፣ ክንዱን ሳበ፣ ለቀቀው። ኳሱ ከሁሉም ራስ በላይ ወጣና ለመውረድ የማይቸኩል መሰለ። ብሪግስ እስከ መጨረሻው ሮጦ፣ ዘግይቶ ዞሮ፣ እጁ ላይ ሲያርፍለት ሰው ያቀበለው ይመስል ነበር። ቆይቶ ልጁ ከዚያም አርቆ ወረወረ። ደጋግሞም ወረወረ። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማ ጀመር። ሌስ ከወንበሩ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ድንገት የኦርቪልን ፊት አየ። እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። ሚስቱ ራት ትጠብቀዋለች ብሎ ኮቱን ቆልፎ ሄደ፤ ሚስቱ እህቷ ዘንድ እንደሄደች ሁሉም ያውቃል።

ኦርቪል ጨዋታው ሳያልቅ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ዶሪን በሕይወቷ ሲያደርጉት አይታ አታውቅም።

«ክንዱ ረጅም ነው» አሉ።

«ጣሪያ ስላለው ይሆናል፣ አባዬ።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። እኔ ሌላ ቡድን አይቼ አላውቅም። ጣሪያ ሥር የተጫወቱትን ደግሞ ጨዋታ ብዬ አልቆጥርም ነበር። ሰው ሲወረውር ያየሁት ጣሪያ በሌለው ሜዳችን፣ በዚህ ሐይቅ ነፋስ ነው። ነፋሱን የልጁ ክንድ አድርጌ ቆጠርኩት።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ተሳስቻለሁ። ያለኝም ሰው ሁሉ ልክ ነበር። ሳጥኖቹን አምጪያቸው፣ እንሂድ።»

ዶሪን ከነሐሴ ጀምሮ የለመነችው ቃል ይህ ነው። ሲሰጧት ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ኦርቪል ራሳቸው ተነሥተው የማርሊንን ሳህን ከመደርደሪያው አውርደው በጋዜጣ ይጠቀልሉ ጀመር።

በነጋታው ለጉዞ ሲነሡ ሌስ እጁን ኪሱ ከትቶ በረዶው ላይ ቆሞ ነበር።

«ዛሬ ሰኞ ነው» አለ። «ራዲዮው ጋ ማን ሊደውል ነው?»

«አንተ ደውል።»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እኔስ ምን አውቃለሁ» አሉ ኦርቪልና የመኪናውን በር ዘጉት። ሌስ መስኮቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

መኪናው በሐይቁ ዳር ሲያልፍ ኦርቪል ውኃውን አላዩትም። ፋብሪካው ጋ ሲደርሱም አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። ዶሪን ሙቀቱን ጨመረችላቸው፤ አመሰገኗት። ርቧቸው እንደሆነ ጠየቀች፤ አልራበኝም አሉ። ነዳጅ ለመቅዳት ስትቆም አንድ ጎረምሳ ለጓደኛው የውኃ ጠርሙስ ወረወረለት፤ ጓደኛው ሳያይ ጠርሙሱ ጀርባውን መትቶት ወደቀ። ዶሪን ወደ አባቷ ዞር ብላ ጠበቀች። ኦርቪል አይተዋል፣ ምንም አላሉም። በእናቷ ቀብር ቀን መኪና ውስጥ ሆና የለመነችው ዝምታ ይኸው አጠገቧ ተቀምጧል፤ ቀበቶ አስሮ፣ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ ጨዋ ሆኖ። አባቷ በደህና ይደርሳሉ፤ ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ደረጃ የለውም። እዚያም እንዲህ ተቀምጠው ለተደረገላቸው ሁሉ እያመሰገኑ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሳይነሡ እንደሚቀሩ ታያት።

መንገዱ ወደ ሜዳው ገባ፤ በረዶውም እየሳሳ የታጨደው በቆሎ ጉቶ መታየት ጀመረ። ዶሪን ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ? እኔስ ይህን ያህል መጨነቁ አይገባኝም። እግሩ ፈጣን ከሆነ ማንም ቢወረውርለት ያው አይደል? ተቀባይ ተቀባይ ነው።»

አንድ ከባድ መኪና አልፏቸው ጭቃ ረጨባቸው፣ መጥረጊያውም ወዲያ ወዲህ አለ።

«ማነው ያለሽ?» አሉ ኦርቪል። «ሌስ ነው?»

«ራሴ አስቤው ነው።»

«ያስታውቃል።»

አሁንም ዝም አሉ፤ ዝምታው ግን የተለየ ነበር፤ ጥርስ ነበረው። ከዚያ ቀበቷቸውን ትንሽ ላላ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ።

«ስሚ ልጄ። ክንዱ ረጅም ነው አልን አይደል? እንግዲያው ነገሩ ገና መበላሸቱ ነው። ብሪግስ ጣሪያ ሥር ሮጠ እንጂ፣ ታኅሣሥ ላይ በዚያ ነፋስ ኳሱ ወዲህ ሲንሻፈፍ መቼ ነው የሚያየው? ለዚህ ልጅ የሚሆነው ሰው ከቶሊቨር የረዘመ፣ ከብሪግስ ደግሞ ቀድሞ የሚዞር ነው። እሱ ደግሞ ገና አልመጣም። አንቺ ግን ተቀባይ ተቀባይ ነው ትይኛለሽ። እናትሽ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም፤ እሷ ደግሞ ጨዋታውን አትወደውም ነበር።»

ጣታቸውን በአየር ላይ እያስኬዱ መስመር ይስሉላት ጀመር። ዶሪን የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰች። መንገዱ ዓይኗ ላይ ደብዝዞ ቆይቶ እንደገና ጠራ። ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች፤ ውስጥ ውስጡን ግን ከዚህ የባሰ የሞኝ ነገር እየፈለገች ነበር፤ ይህ ካለቀ በኋላ የምትናገረው።