ሦስት ሰው «አዎ» ካለ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጥሩወርቅን ጠረጴዛዋ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ጣላትና የማይሆን ሕልም አየች። ጥሩወርቅ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ወሬ አጣሪ ናት። ለሦስት ሰው ደውላ ሦስቱም «አዎ» ካሏት ዜናው «ተጣርቷል» ተብሎ ይነበባል። ያን ዕለት ጠዋትም የቀድሞው የኳስ ዳኛ አቶ ሽብሩ ማረፋቸውን እንዲሁ አጣርታ አስነብባ ነበር። ሥራዋን ጨርሳ፣ ልቧ ተረጋግቶ ነው ያንቀላፋችው።

በሕልሟ ወሬዎች መነጽር አድርገው ከየመስኮቱ ኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ሰዎች ደግሞ እውነት መሆናቸውን ለማስመርመር ተሰልፈዋል። ፀሐይ መውጣቷን የሚመሰክርላት ሦስተኛ ሰው አጥታ ደጅ ትጠናለች። አንድ በሬ ላም አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ተሰጥቶት እየመረቀ ወጣ። ማንንም አልገረመም። ጥሩወርቅማ እንዲያውም አሠራሩ ደስ አላት።

ከፊቷ አቶ ሽብሩ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። በሕይወት መኖራቸውን ሊያስመዘግቡ ነው የመጡት። መስኮቱ ላይ ያለችው ወሬ ምስክር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን አቀረቡ።

«ባለጉዳይ ለራሱ አይመሰክርም» አለቻቸው። «መሞትዎን ግን ሦስት ሰው መስክሯል።»

ሦስቱ ተጠርተው ቀረቡ። ጥሩወርቅ ጠዋት የደወለችላቸው ጎረቤቶች ናቸው። አስከሬን ያየ አንድም አልነበረም፤ ሦስቱም የሰሙት የእድሩን ጡሩምባ ነው። ጡሩምባ ነፊው ሲጠየቅ ጊዜ ተቆጣ።

«እኔ አቶ ሽብሩ ቤት ቀብር አለ አልኩ። ማን እንደሞተ መች ተናገርኩ?»

ጥሩወርቅ በእፍረት የምትገባበት ጠፋት። ለካ «ከማን ሰማችሁ?» ብላ አንዳቸውንም አልጠየቀችም። አቶ ሽብሩ ቀና ብለው አዩዋትና ፊሽካቸውን ነፉባት።

ብንን ስትል የጮኸው ስልኩ ነበር። የደወለችው ጅማ የምትኖረው የአቶ ሽብሩ ልጅ ዘውድነሽ ናት። ዜናውን ከሬዲዮ ሰምታ፣ ጥቁር ለብሳ አውቶቡስ ላይ ነበረች። መንገድ ላይ አንድ ሰው ደውሎ፣ ቁርጥ በአባቷ ድምፅ፣ «እኔ ደህና ነኝ፤ የሞተው ተከራያችን ነው» አላት። ዜናው ተጣርቷል ስለተባለ የሚቀልድባት ሰው መሰላት። ሰድባው ዘጋችበት።



«እህቴ» አለች ዘውድነሽ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መልሼ ልደውልለት ወይስ እናንተ አጣርታችሁ ትነግሩኛላችሁ?»