የናቲ ሾውኬዝ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ «ኬዝ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ድንግጥ የማይል ሐበሻ አለ? እኔ የጥገኝነት ኬዜን ሰባት ዓመት ስጠብቅ ስለኖርኩ፣ ዛሬም ቃሏን ስሰማ ሄጄ የፖስታ ሳጥኔን ከፍቼ አያለሁ።

ስለዚህ ጎረቤቴ ጌታቸው «ቅዳሜ የልጄ የናቲ ሾውኬዝ አለ፤ አሌክሳንድሪያ አብረን እንሂድ» ሲለኝ፣ እኔ የሰማሁት «ኬዝ» የሚለውን ብቻ ነው። ያ ከኤ ሌላ ግሬድ የማያውቅ ልጅ ምን አጥፍቶ ይሆን? ችሎት የቀረብኩበትን ሱፍ ለብሼ ሄድኩ።

ችሎቱ የቤዝቦል ሜዳ ሆኖ ቁጭ አለ። ለካ ሾውኬዝ ማለት ልጆች በኮሌጅ አሰልጣኞች ፊት ኳስ እየወረወሩ የሚታዩበት ነው፤ አሰልጣኝ የወደደው ለኮሌጁ ቡድን ይመለመላል። ናቲ ጀርባው ላይ ቁጥር ተለጥፎበት ተራውን ይጠብቃል። አባቱ ጌታቸው የልጁን ትራንስክሪፕት፣ የትምህርት ውጤቱን ማለት ነው፣ በፕላስቲክ ፎልደር ይዞ አሰልጣኞቹን አንድ በአንድ ይለምናል።

«ፕሊስ፣ ኦል ኤ!»

«ዳድ፣ ስቶፕ» አለ ናቲ አንገቱን ደፍቶ።

የእኔን ኬዝ ያዩት ሰዎች ከወረቀቴ ቀና ብለው ፊቴን አላዩም። የናቲን ደግሞ ክንዱን እንጂ ወረቀቱን የሚያይ ጠፋ።

«ምን አሉህ?» አልኩት ጌታቸውን፣ መኪና ውስጥ ስንገባ።

«እናሳውቃችኋለን።»

ይቺንስ አውቃታለሁ።

«ግዴለም፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ጌይተርስበርግ ሌላ አለ» አለኝ። «ከኮሌጅ መግቢያ ፈተናው ጋር ተጋጨብን። ፈተናውን ካንስል አደረግነው።»

ዞሬ ናቲን አየሁት። ፎልደሩን ታቅፎ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ልጁ የእውነት ኬዝ እንዳለበት የገባኝ ያኔ ነው።